አልነሣ ያለው ማታቱ

ምንባብ

ካሳራኒ ከናይሮቢ መሀል ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፥ በቲካ መንገድ አጠገብ የሚገኝ ሰፊ ሠፈር ነው። በውጭ አገር ስሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ለአራተኛው የመላ አፍሪካ ጨዋታዎች ባገለገለው ታላቅ ስታዲየም ነው። የኢትዮጵያ ወጣት ሯጮችም እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና ተወዳድረውበታል። የሠፈሩ ነዋሪ ግን ጧት ከቤቱ ሲወጣ የሚያስበው ስለ ስታዲየሙ ሳይሆን ስለ ማታቱ ነው። ማታቱ በአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ የምንለው ዓይነት የሕዝብ ማመላለሻ ነው። ስሙም «ታቱ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የመጣ ሲሆን፥ ትርጉሙ «ሦስት» ማለት ነው፤ በመጀመሪያው ዘመን ይከፈል የነበረው ዋጋ ሦስት ባለ ዐሥር ሳንቲም ስለ ነበረ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1973 በፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ትእዛዝ ሕጋዊ ሥራ ሆነ።

ከጧቱ 12 ሰዓት ገደማ ሠራተኛውና ተማሪው ወደ መንገድ ይወጣል። ስዋሂሊ እንደ አማርኛ ሰዓትን ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር፥ ይህ ጊዜ በዚያም «12 ሰዓት» ነው የሚባለው። የማታቱ ሾፌር የዕለት ገቢውን ከፍተኛ ድርሻ የሚያገኘው በዚህች አጭር ጊዜ ነው። መኪናው ብዙውን ጊዜ የሱ አይደለም፤ ለባለቤቱ በየቀኑ የተወሰነ ገንዘብ ያስገባል፤ ነዳጅ ይገዛል፤ የተረፈውን ከረዳቱ ጋር ይካፈላል። እንግዲህ በሐምሌ ብርድ፥ ገና ሳይነጋ፥ ቁልፉን ቢያዞረው ሞተሩ አልነሣ ቢል የሚጎድለው የሁለት ቤተሰብ እንጀራ ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሾፌር ሁለት ስሕተት ይሠራል። አንደኛው፥ ሞተሪኖው እስኪግል ድረስ ቁልፉን ደጋግሞ ማዞር ነው። በባትሪው ውስጥ የቀረችው ጥቂት ኃይል በዚሁ ታልቃለች። ሁለተኛው ደግሞ የችግሩን ምንጭ ሳያውቅ ዕቃ መግዛት ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ኪስን አራቁቶ ችግሩን እንዳለ ይተወዋል።

ብልህ መካኒክ ከሁሉ አስቀድሞ ያዳምጣል። ቁልፉ ሲዞር ምንም ድምፅ ከሌለ አንድ ነገር ነው፤ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ተደጋጋሚ ድምፅ ከተሰማ ሌላ ነው፤ ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሣ ደግሞ ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሁኔታዎች ጥያቄው የኤሌክትሪክ ነው። በሦስተኛው ግን ባትሪውም ሞተሪኖውም ሥራቸውን ፈጽመዋልና ምርመራው ወደ ነዳጅ፥ ወደ አየርና ወደ እሳት ይሄዳል። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው ነዳጅ ላለቀበት መኪና ባትሪ ሊገዛ ይችላል።

ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ አንድ ፈተና አለ። የፊት መብራቱን አብርቶ ቁልፉን ማዞር ነው። መብራቱ ወዲያው ድርግም ብሎ ከጠፋ ወይም እጅግ ከደከመ ባትሪው ተዳክሟል፤ አለዚያም ከባትሪው ጋር የተያያዘው ሽቦ ላልቷል ወይም ቆሽሿል። መብራቱ እንደ ነበረ ደምቆ ከቀጠለና ሞተሪኖው ዝም ካለ ግን ባትሪው ንጹሕ ነው፤ ኃይሉ ወደ ሞተሪኖው እንዳይደርስ መንገድ ላይ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። ፊውዝ፥ የቁልፉ ማዞሪያ፥ ወይም ራሱ ሞተሪኖው ሊሆን ይችላል። ማርሹ አውቶማቲክ ከሆነ የማርሹ ዘንግ በትክክለኛው ቦታ አለመቀመጡም ብቻውን ሞተሩን ዝም ያሰኘዋል። በዚህ ምክንያት ብቻ ሜካኒክ ጠርቶ የከፈለ ሾፌር ጥቂት አይደለም።

ባለ 12 ቮልት ባትሪ በውስጡ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱም ከ2 ቮልት ጥቂት ከፍ ያለ ኃይል ይሰጣል። ሙሉ ሆኖ ያደረ ባትሪ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ወደ 12 ቮልት ከወረደ ባዶ ለመሆን የቀረበ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ በሚሠራበት ጊዜ ግን ልኩ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መሆን አለበት፤ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ ነውና። ሞተሩ እየሠራ ልኩ ከ12.6 የማያልፍ ከሆነ ጥፋቱ የባትሪው ሳይሆን የዲናሞው ወይም ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ ነው። እንዲህ ባለ መኪና ላይ አዲስ ባትሪ ቢገጠም ከጥቂት ቀን በኋላ እሱም ይሞታል።

የናይሮቢ ማታቱ በአንድ ነገር ከአዲስ አበባው ሚኒባስ ይለያል። ብዙዎቹ በደማቅ ሥዕል ያጌጡ፥ ባለ ቀለም መብራትና ኃይለኛ ሙዚቃ ያላቸው ናቸው። ተሳፋሪው በተለይም ወጣቱ ያጌጠውን መርጦ ይሳፈራል፤ ስለዚህ ጌጡ ለገበያ ነው እንጂ ለከንቱ አይደለም። ሆኖም የድምፅ ማጉያው ሽቦ በቁልፉ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ከተያያዘ መኪናው ተዘግቶ ባደረበት ሌሊት ኃይል ይመጠጣል። 5 አምፔር የሚወስድ ዕቃ 10 ሰዓት ተረስቶ ቢያድር 50 አምፔር-ሰዓት ይወስዳል፤ የአንድ ሚኒባስ ባትሪ ጠቅላላ መጠን ደግሞ 60 ወይም 70 ቢሆን ነው። ብርዱም የባትሪውን አቅም ስለሚቀንስ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው ናይሮቢ የሐምሌ ጧት ችግሩ ጎልቶ ይታያል።

ባትሪው ከደከመ ከሌላ መኪና ኃይል መዋስ ይቻላል። በመጀመሪያ የሁለቱ ባትሪዎች ቮልት እኩል መሆኑ ይረጋገጣል። ከዚያም ቀዩ ገመድ የሁለቱን ፖዘቲቭ ጫፎች ያገናኛል። ጥቁሩ ገመድ ከጤነኛው ባትሪ ኔጌቲቭ ጫፍ ይነሣና ሌላው ጫፉ ከደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ ከሞተሩ ባዶ ብረት ላይ ይታሰራል። ብዙ ሰው ይህን የመጨረሻውን ነገር እንደ ተራ ልማድ ይንቀዋል። ነገር ግን ባትሪ ሃይድሮጂን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፤ የመጨረሻው ገመድ ሲነካ ብልጭታ መፈጠሩ አይቀርም፤ ብልጭታው ከባትሪው አፍ አጠገብ ከሆነ ባትሪው ፈንድቶ አሲዱ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ የማይነሣ ከሆነና የሚጠቀመው ቤንዚን ከሆነ ካንዴላው ብልጭታ ይሰጥ እንደ ሆነ፥ ነዳጅም ይደርስ እንደ ሆነ ይመረመራል። ናፍታ ከሆነ ግን ካንዴላ ብልጭታ አይሰጥም፤ ናፍታው የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ብቻ ነው። ስለዚህ በብርድ ጊዜ ቁልፉ በከፊል ዞሮ የማሞቂያው ምልክት እስኪጠፋ መጠበቅ ያስፈልጋል። ናፍታ የሚያልቅበት መኪና ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው፤ በቧንቧው ውስጥ አየር ይገባል፤ ጋኑ እንደ ገና ቢሞላም ሞተሩ አይነሣም። በድሮዎቹ የቶዮታ ሀይኤስ ሞዴሎች በነዳጅ ማጣሪያው አናት ላይ በእጅ የሚገፋ ፓምፕ አለ። ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ስለ ሆነ ወንበሩ ተነሥቶ፥ ማጣሪያው ተፈልጎ፥ ፓምፑ እስኪጠነክር ድረስ በመዳፍ ይገፋል፤ አየሩም በዚህ መንገድ ይወጣል። ይህ ዘዴ በአዲሶቹ ናፍታ ሞተሮች ላይ ገደብ አለው፤ በውስጣቸው ያለው የናፍታ ግፊት ከ1000 ባር ስለሚበልጥ ቧንቧውን የፈታ ሰው ሥጋው ሊበሳ ይችላል።

መኪናን ገፍቶ ማስነሣት በካሳራኒም በአዲስ አበባም የተለመደ ነው። ቁልፉ ተከፍቶ፥ ፍሪሲዮኑ ተረግጦ፥ ማርሹ ሁለተኛ ላይ ገብቶ መኪናው ፍጥነት ሲያገኝ ፍሪሲዮኑ ይለቀቃል። ማርሹ አውቶማቲክ የሆነ መኪና ግን አገር ቢገፋው አይነሣም።

ሞተር በቁልፍ መነሣቱ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለ አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ባመጣ ጊዜ ሞተር የሚነሣው በእጅ በሚዞር ብረት ነበር። ብረቱ ወደ ኋላ ሲመታ ክንድ ይሰብር ነበር። በኤሌክትሪክ ማስነሻ የወጣው ካዲላክ እ.ኤ.አ. የ1912 ሞዴል ነበር።

የመካኒኩ ቋንቋም ታሪክ አለው። አማርኛ «ካንዴላ»፥ «ፍሪሲዮን»፥ «ጎማ»፥ «ፍሬን» የተባሉትን ቃላት የወሰደው ከጣልያንኛ ነው። በካሳራኒ ከፀሐይ በታች የሚሠራው «ፉንዲ»፥ ማለትም ባለሙያ፥ «ቤትሪ»፥ «ብሬኪ»፥ «ጊያ» ይላል፤ እነዚህ ከእንግሊዝኛ የመጡ ናቸው። ሜዳ ላይ የሚሠሩት የእጅ ባለሙያዎች «ጁዋ ካሊ» ይባላሉ፤ «ኃይለኛ ፀሐይ» ማለት ነው። «ጋሪ» ደግሞ ለስዋሂሊ ተናጋሪ አውቶሞቢል ሲሆን ለአማርኛ ተናጋሪ በፈረስ የሚጎተት ነው፤ ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ በናይሮቢ «ጋሪዬ ተበላሸ» ቢባል ፈረሱን መፈለግ የለበትም።

መልመጃ

ሀ. ቀጥሎ ያሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍቺ መሠረት በዓረፍተ ነገር አስገቡ። ድርግም አለ፤ ተዋሰ፤ መዘዝ፤ አራቆተ፤ ታመቀ።

ለ. ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።

1. ሾፌሩ አዲስ ባትሪ ገጥሞ ከአራት ቀን በኋላ መኪናው እንደ ገና አልነሣ አለ። ቀጥሎ መመርመር ያለበት ምንድን ነው? ለምንስ?

2. የመጨረሻው ገመድ ከደከመው ባትሪ ላይ የማይታሰርበትን ምክንያት በራሳችሁ አገላለጽ ጻፉ።

3. በአካባቢያችሁ ካለ ጋራዥ ሄዳችሁ ዐሥር የመኪና ዕቃ ስሞችን ጠይቁ፤ የትኛው ቃል ከየትኛው ቋንቋ እንደ መጣ ለመለየት ሞክሩ።