«ወላጅ አምጣ!»

ጀማሪው መምህር የሦስተኛ ክፍል ካርድ ሲሞላ አንድ የበርታ ልጅ ስም ላይ ደርሶ ቆመ። ዘመናቸውን በአሶሳ ዙሪያ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡት ጎረቤቱ ቡናቸውን ይዘው ያዩታል።

«ጋሼ፣ እኔ ሰነፍ ነው እላለሁ፤ አባቱ ጎበዝ ነው ይላል።»

«አባቱን የት አገኘኸው?»

«ወላጅ አምጣ ብዬው ነዋ!»

«ጣጣው እሱ ነው። አባት ትምህርት ቤት የሚረግጠው ሲከሰስ ብቻ ነው። አንተ በአማርኛ ትናገራለህ፣ እሱ በበርትኛ ይመልሳል፣ መሀል ቆሞ የሚተረጉመው ማነው? ተከሳሹ ልጅ! አባትየው የሚያውቀው ገበያ ላይ ማንጎ ሸጦ መልስ የማይሳሳተውን ልጅ ነው፤ አንተ ደግሞ ጥግ ይዞ የሚያቀረቅረውን።»

ሽማግሌው ወደ ቋንቋው ጉዳይ ሲገቡ የንጉሡንና የደርግን ዘመን «ማስተማሪያው አማርኛ ነበር» ብለው አለፉት። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻው ይማር ቢልም፣ የበርታ፣ የጉሙዝና የሺናሻ ቋንቋዎች ክፍል ለመግባት ዓመታት እንደፈጀባቸው አከሉ። በዚያው ክልል፣ በመተከል ዞን በነበረው ግጭት ከትምህርት ርቆ የከረመውም ልጅ ከንግግራቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ደረሰው።

ካርዱ ላይ «ጠባይ» የምትለዋ ሳጥን ግን እንዲህ በቀላሉ አልታለፈችም።

«ዝም ላለ ኤ! ስላልገባው ዝም ላለ ኤ፣ ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ለፈዘዘም ኤ! አጠገቡ ያለውን በቋንቋው ‹ምን አለ?› ብሎ የጠየቀ ግን ረባሽ ነው፤ ሲ ይሰጠዋል። ወላጅም ካርዱን ተቀብሎ ደረጃውን ካየ በቃው። አንደኛ ከወጣ ጨዋ፣ አርባኛ ከወጣ ዱርዬ!» ቡናው ቀዘቀዘ። ወጣቱ አጠገባቸው መኖሩንም የረሱ ይመስላሉ።

«እና ሰነፍ የሚባል ልጅ የለም?» አላቸው፣ አመቺ ጊዜ ጠብቆ።

«መች ጠፋ! በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነው። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። ያ ሁሉ በልጅ ስንፍና ነው? የስንቱ ካርድ ‹ጠባይ ኤ› ይል ነበር መሰለህ!»

(ሽማግሌው ፈተናውን ከሦስተኛ ክፍል ካርድ ጋር ማያያዛቸው ትንሽ ርቆ መሄድ ነው፤ ወጣቱ ግን አልተከራከረም።)

«ታዲያ ምን ልሙላ?»

«ሳጥኗን ተዋት። በርትኛ የሚችል ባልደረባህን ይዘህ ቤታቸው ሂድ። ልጁን አታስተርጉመው። ስለ ትምህርት ከማንሣትህ በፊት ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ጠይቅ።»

«ርዕሰ መምህሩ ካርዱን ለዓርብ ይፈልገዋል።»

«እንግዲያው ሐሙስ ሂዳ!»