ሪፒተሮችን በኢንተርኔት ማገናኘት

በ144 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ የእጅ ሬዲዮ ሞገዱ በአብዛኛው ቀጥታ መስመር ስለሚከተል የምድር ክብነት ይጋርደዋል። የአንቴናው ከፍታ በሜትር ቢሰጠን፣ የከፍታው ስኩዌር ሩት በ4.12 ሲባዛ እስከ ሬዲዮ አድማሱ ያለውን ርቀት በኪሎ ሜትር ይሰጠናል። ከፍታው 1.5 ሜትር ከሆነ ርቀቱ 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። አንቴናው ከአካባቢው መሬት 900 ሜትር ከፍ ብሎ በተራራ አናት ላይ ቢተከል ግን ወደ 124 ኪሎ ሜትር ያድጋል። ሪፒተር በተራራ ላይ የሚተከለው ለዚህ ነው፤ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የተቀበለውን ድምፅ በዚያው ቅጽበት በሌላ ፍሪኩዌንሲ መልሶ ያሰራጫል።

ከዚያ አድማስ ባሻገርስ? እ.ኤ.አ. በ1997 ካናዳዊው አማተር ዴቪድ ካሜሮን በቫንኩቨር አይ.አር.ኤል.ፒ. የተሰኘውን ትስስር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ አሜሪካዊው ጆናታን ቴይለር ኤኮሊንክን አቀረበ። የመጀመሪያው ተጠቃሚው በሬዲዮ እንዲገባ ሲያስገድድ፣ ሁለተኛው ፈቃድ ያለው አማተር ከኮምፒውተሩም እንዲናገር ይፈቅዳል።

አሠራሩን እንመልከት። ተናጋሪው በሬዲዮው ቁልፎች የሩቁን ጣቢያ ቁጥር ይጫናል። ከሪፒተሩ ጋር በሬዲዮ የተገናኘው ኮምፒውተር ድምፁን ወደ ቁጥር ይለውጣል። በኤኮሊንክ ድምፁ በሴኮንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት 13 ቢት ስለሆነ ድምሩ 104,000 ቢት ይሆናል። ይህም ወደ 13,000 ቢት፣ ማለትም ወደ አንድ ስምንተኛው ተጨምቆ በኢንተርኔት ይላካል። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ኮምፒውተር ቁጥሩን ወደ ድምፅ መልሶ ለራሱ ሪፒተር ያስተላልፋል።

እዚህ ላይ አንድ ብልሃት የሚጠይቅ ችግር አለ። ሪፒተር ተናጋሪው ዝም ካለ በኋላም ለጥቂት ሴኮንዶች ባዶ ሞገድ ማሰራጨቱን ይቀጥላል። ኮምፒውተሩ ሞገድ በመኖሩ ብቻ «ሰው እየተናገረ ነው» ብሎ ከወሰነ፣ ያንን ባዶ ሞገድ ወደ ሁለተኛው ሪፒተር ይልካል። ሁለተኛውም በተራው የራሱን ባዶ ሞገድ ወደ መጀመሪያው ይመልሳል። ሁለቱ ሪፒተሮች ማንም ሳይናገር እየተቀሰቃቀሱ ይኖራሉ፤ መስመሩም ለሚፈልገው ሰው ይዘጋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሪፒተሩ ንግግር በሚያስተላልፍበት ጊዜ ብቻ ዝቅተኛ ቃና፣ ለምሳሌ 100 ኸርዝ፣ አብሮ እንዲልክ ይደረጋል። የተቀባዩ ማጣሪያ ስለሚያስቀረው አድማጭ አይሰማውም፤ ኮምፒውተሩ ግን ቃናው ሲኖር ብቻ በሩን ይከፍታል።

ተጠቃሚውም ድርሻ አለው። በየንግግሩ መካከል ጥቂት ሴኮንድ ዝም ማለት፣ የዘገየው ድምፅ እንዳይቆረጥና አስቸኳይ መልእክት ያለው ሰው መግቢያ እንዲያገኝ ይረዳል።

መልመጃ፦ ሪፒተሩ 400 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፣ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ የእጅ ሬዲዮ ቢበዛ ከስንት ኪሎ ሜትር ሊደርስበት ይችላል? (መልስ፦ የሁለቱ አድማሶች ድምር፣ ወደ 87 ኪሎ ሜትር።)