ጥርሱ ጤነኛ ሆኖ ሕመሙ ሲጸና

ጥያቄ፦ በመካነ ሰላም የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ አንዲት እናት የቀኝ የላይኛው መንጋጋ ጥርሳቸው ተነቅሎላቸው ሕመሙ ግን አልለቀቃቸውም እንበል። በራጅ ምንም ጉድለት ያልታየበትን ቀጣዩን ጥርስም ማስነቀል ይገባቸዋልን?

መልስ፦ አይገባቸውም፤ ቢያንስ ምርመራው ተሟልቶ ጥፋቱ የዚያ ጥርስ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ። የጥርስን፣ የድድን፣ የጉንጭንና የግንባርን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ከ12ቱ ጥንድ የራስ ነርቮች አምስተኛው፣ ትራይጀሚናል የተባለውና በሦስት ቅርንጫፍ የሚከፈለው ነርቭ በመሆኑ፣ በዚህ ሰፊ ክልል ከየትኛውም ስፍራ የተነሣ ሕመም ከጥርስ የመጣ መስሎ ሊሰማ ይችላል። ከነዚህ ሕመሞች ብዙ ጊዜ ጥርስ የሚያስነቅለው የራሱ የነርቩ ሕመም፣ ማለትም ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ነው። ሕመሙ በአንድ ወገን ፊት ላይ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ ከሰከንዶች እስከ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ይተዋል፣ ተመልሶም ይመጣል። የሚቀሰቅሰውም ፊትን መታጠብ፣ ጥርስን መፋቅ፣ ማኘክ፣ መናገር፣ አልፎ ተርፎም ነፋስ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በደጋው ሰው ዘንድ «ብርድ መታኝ» የሚባለው ይህ ነውን?

መልስ፦ አንዳንዴ ሊሆን ይችላል። ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ በሚገኘው በመካነ ሰላም የማለዳው ነፋስ ጉንጭን ሲነካ ሕመሙ ስለሚነሣ፣ ታማሚው ፊቱን በነጠላ ወይም በጋቢ ሸፍኖ መሄዱ ትክክለኛ ራስን የመከላከል ዘዴ ነው። ይሁን እንጂ ብርዱ ሕመሙን ይቀሰቅሳል እንጂ አይፈጥረውም፤ በብዙዎቹ ሕመምተኞች ላይ የሚገኘው መንሥኤ በነርቩ ሥር የሚያልፍ የደም ሥር ነርቩን እየተጫነ ሽፋኑን መጉዳቱ ነው። የጥርስ ትል ይወጣል ተብሎ የአስተናግር ፍሬ ጢስ መታጠንም ነርቩን አይፈውስም፤ ተክሉ መርዛማ ስለሆነ ቅዠት፣ የልብ ምት መፍጠንና የእይታ መደብዘዝ ሊያስከትል ይችላል።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ የሕመሙን ምንጭ በምን ይለያል?

መልስ፦ በመጀመሪያ በጥያቄ፣ ቀጥሎ በእጅ፣ በመጨረሻ በመሣሪያ። ጥርሱ መታ መታ ሲደረግ ካመመ፣ ወይም በቀዝቃዛ ነገር የተነሣ ሕመም ቅዝቃዜው ካለፈ በኋላ ቶሎ ካልተወ፣ ጥፋቱ የጥርሱ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ የተሰነጠቀ ጥርስ በራጅ ሳይታይ ሊያልፍ ስለሚችል ንክሻውም ይፈተሻል። የላይኞቹ መንጋጋ ጥርሶች ብዙዎቹ በአንድነት የሚያሙ፣ ሕመሙም ለስግደት ሲያጎነብሱ የሚብስ ከሆነ፣ ሳይነስ በተባለውና በላይኛው የመንጋጋ አጥንት ውስጥ በሚገኘው አየር የያዘ ክፍተት ላይ የደረሰ ብግነት ይጠረጠራል። ቆሎ ሲቆረጥም የሚጸና ድብን ያለ ሕመም፣ በተለይም በእንቅልፍ ጥርስ ለሚያፋጭ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ የማኘኪያ ጡንቻ ነው። ሌላው ስልት በተጠረጠረው ጥርስ ዙሪያ ማደንዘዣ መውጋት ሲሆን፣ በትክክል የተወጋ ማደንዘዣ ሕመሙን ካላቆመው ምንጩ ሌላ ቦታ መሆኑን ያመለክታል፤ ቢያቆመው ግን ጥርሱ ጥፋተኛ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ የነርቩ ሕመም የሚቀሰቀስበት ስፍራ ስለደነዘዘም ሊቆም ይችላልና። ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ በዚያው ስፍራ ሳያቋርጥ የሚቆይ ሕመምም አለ፤ ይህም የስሜት ነርቮች ከጉዳት በኋላ በመዛባታቸው እንደሚመጣ ስለሚታሰብ፣ ሁለተኛ መንቀል ያባብሰው እንደሆነ እንጂ አይረዳውም።

ጥያቄ፦ ጊዜ የማይሰጠውስ የትኛው ነው?

መልስ፦ ዳገት ሲወጡ የሚነሣና ሲያርፉ የሚጠፋ የታችኛው መንጋጋ ሕመም ከልብ ሊሆን ስለሚችል፣ በተለይ ላብ፣ የደረት መጨነቅ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታከለበት፣ የጥርስ ክፍል ወረፋ መጠበቅ ሳያስፈልግ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይገባል። ፊት መደንዘዝ፣ የሁለቱም ወገን ሕመም፣ ወይም የነርቩ ሕመም ከ40 ዓመት በታች መጀመሩ ደግሞ ዕጢንና ሌሎች የነርቭ በሽታዎችን ለማጣራት ኤምአርአይ የተባለውን የአንጎል ምስል ስለሚያስፈልገው፣ ታማሚው ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ አለበት።

ጥያቄ፦ የነርቩ ሕመም መድኃኒት አለውን?

መልስ፦ አለው፤ ተራ ማስታገሻ ግን አይበግረውም። ብሎም የተባሉት ስዊድናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1962 ለዚህ ሕመም መጥቀሙን ካሳወቁ ወዲህ፣ ለሚጥል በሽታም የሚሰጠው ካርባማዜፒን የመጀመሪያው ምርጫ ሆኗል። ብዙውን ጊዜ በ100 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። መድኃኒቱ የእርግዝና መከላከያ ኪኒንን ኃይል ስለሚያዳክም፣ ከአንዳንድ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋጭና ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ታማሚዋ የምትወስደውን ሁሉ ለሐኪሙ አስቀድማ መናገር ይኖርባታል። ሽፍታ ከወጣ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መመለስ ያስፈልጋል።

ወደ ደሴም ሆነ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ሕመምተኛ የቀድሞውን ራጅ ይዞ፣ ሕመሙ የሚነሣበትን ሰዓት፣ የሚቆይበትን ጊዜና የሚቀሰቅሰውን ነገር ለሁለት ሳምንት ያህል አስመዝግቦ ቢሄድ፣ ሐኪሙ የሚጠይቀው አብዛኛው ነገር አስቀድሞ ተመልሶለታል።