ድርና ማግ፦ የእጅ ጥበብ ለልብ ዕረፍትና ለምስጋና



በአማርኛ ቋንቋችን «ጥበብ» የሚለው ቃል ሦስት ነገሮችን በአንድነት ይይዛል። አንደኛው ከእግዚአብሔር የሚሰጥ ማስተዋል ነው። ሁለተኛው የሠዓሊው፣ የዜማ ደራሲውና የባለ እጁ ሙያ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሸማኔው በልብስ ጠርዝ ላይ በቀለም ክር የሚያወጣው፣ «የጥበብ ቀሚስ» የሚያሰኘው ሥራ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን እነዚህን ሦስቱን በአንድ ቃል መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በዚህ ትምህርት የምንመለከተውም ይህንኑ ነው፦ እጅ አንድ መልካም ነገር ሲሠራ የሠሪው ልብ ምን ያገኛል? ምስጋናስ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

1. በጫኖ የተማርሁት

ጫኖ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአባያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ የሚገኝ፣ ሙዝና ማንጎ የሚበቅልበት ሞቃት ቆላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ አካባቢ አንዲት እናት ለአካለ መጠን የደረሰ ልጃቸው ሞተባቸው። ለማጽናናት ሄጄ በለቅሶው ላይ ስለ ሁሉ ነገር ማመስገን እንደሚገባ ነገርኋቸው። እናትየው አንድም ቃል ሳይመልሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወራት አለፉ። እኚህ እናት ከቤት አይወጡም፣ እህልም በወጉ አይቀምሱም ነበር። አንድ ቀን ከደጋ የመጡ ጎረቤታቸው አንድ ቅርጫት የተዳመጠ ጥጥና እንዝርት ይዘው ገቡና፣ «ለብቻዬ አልደርስበት አልሁ፤ እባክዎ ያግዙኝ» አሏቸው። የማጽናኛ ቃል አልጨመሩም፤ እርዳታ ብቻ ለመኑ። ለቅሶተኛዋም እንቢ ማለት አፍረው መፍተል ጀመሩ። መጀመሪያ ክሩ በየጊዜው ይበጠስባቸው ነበር፤ እየቀጠሉ ፈተሉት። ልቃቂቱ በዝቶ ለሸማኔ ተሰጠ፤ ነጠላም ሆኖ ተመለሰ። የዚያች ጎረቤት የልጅ ልጅ በተጠመቀች ዕለት ሕፃኗ የታቀፈችው በዚያ ነጠላ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ እናትየው ወደ እኔ ቀረቡና፣ «አባ፣ ልጄን አልረሳሁትም። ነገር ግን እጄ ሲሠራ ልቤ ይተነፍሳል» አሉኝ። በዚያ ሰዓት የራሴን ስሕተት አስተዋልሁ። እኔ የተናገርሁት ቃል እውነት ቢሆንም ያለ ጊዜው የተነገረ ነበር። ጎረቤታቸው ግን ምስጋናን ሳያዝዙ ወደ ምስጋና የሚያደርሰውን መንገድ ከፈቱላቸው።

2. እጅ ሲሠራ ልብ ለምን ያርፋል?

ኀዘንና ጭንቀት ሐሳብን በአንድ ቦታ ያሽከረክሩታል። የእጅ ሥራ ግን ዐይንን፣ ጣትንና እስትንፋስን በአንድ ሥርዓት ያስተሳስራል። እንዝርት ሲሾር፣ መወርወሪያ ከቀኝ ወደ ግራ ሲመላለስ፣ ጭቃ በእጅ ሲለሰልስ፣ ሐሳብ የሚያርፍበት ስፍራ ያገኛል። ከዚህም በላይ የተበጠሰ ክር ሊቀጠል እንደሚችል እጅ በተግባር ይማራል። ሥራው ቀን በቀን ሲያድግ ደግሞ ሰው ከፊቱ አንድ ነገር እንዳለ ያያል።

ይህን የዘመናችን ተመራማሪዎችም አጥንተውታል። በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በድሬክስል ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት፣ 39 ጎልማሶች ለ45 ደቂቃ በሸክላ ጭቃ፣ በወረቀትና በቀለም የፈለጉትን ሠሩ። ከእነርሱ 75 በመቶ ያህሉ በሰውነታቸው ውስጥ ያለው፣ ከጭንቀት ጋር የሚያያዘው ኮርቲሶል የተባለ ንጥረ ነገር ቀንሶ ተገኘ። ቀድሞ ሙያውን በማወቅና ባለማወቅ ልዩነት አልታየም። በ2019 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ ከ3,000 በላይ ጥናቶችን ያጠቃለለ ዘገባ አውጥቶ፣ ጥበባት ለአካልና ለአእምሮ ጤና የሚሰጡትን ጥቅም ዘርዝሯል።

ይሁን እንጂ ልክ አለው። ቅዱስ መጽሐፍ ራሱ ይህን ያስተምረናል። ዳዊት በገና ሲደረድር ንጉሥ ሳኦል ዕረፍት ያገኝ ነበር (1ሳሙ 16)። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ያው ሳኦል፣ ያው በገና እየተደረደረ ሳለ፣ በዳዊት ላይ ጦር ወረወረ (1ሳሙ 18)። በገናው መልካም ነበር፤ የቅንዓትን ሥር ግን ብቻውን ሊነቅል አልቻለም። ስለዚህ እንቅልፍ የራቀው፣ ምግብ የተወ ወይም ሞትን የሚመኝ ወንድም ወይም እኅት ሲያጋጥመን «ፍተል፣ ሣል» ብለን ብቻ አንተወው። ወደ ጤና ተቋም እንውሰደው፤ አብረነውም እንቀመጥ።

3. ኀዘን ስጦታ ሲሆን

በጫኖ በእንዝርት የታየው ነገር በፒያኖም ታይቷል። ከአገራችን የታወቁ ሙዚቀኞች አንዷ የሆኑት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተወለዱ። በሕፃንነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ። በፋሽስት ወረራ ዘመን ከቤተ ሰባቸው ጋር በምርኮ ወደ ጣሊያን አገር ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ በካይሮ ሙዚቃ አጠኑ፤ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ለንደን ለመሄድ የነበራቸው ተስፋ ግን ተቋረጠ። ልባቸው እጅግ ተሰበረ። በኋላም በግሸን ማርያም የምንኵስናን ሕይወት ጀመሩ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ወደ ፒያኖው ተመልሰው የራሳቸውን ድርሰቶች አዘጋጁ፤ በጀርመን የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢም ለወላጅ አልባ ሕፃናት እንዲውል አደረጉ። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢየሩሳሌም ኖረው በ2023 እ.ኤ.አ. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። የተዘጋባቸው በር አልተከፈተላቸውም፤ ከእጃቸው የወጣው ሥራ ግን ለሌሎች በር ከፈተ። ከነጠላው ጋር የሚያመሳስለውም ይህ ነው። ሁለቱም የተጀመሩት በኀዘን፣ የተፈጸሙት በስጦታ ነው።

4. ምስጋና ከእጅ ሲማሩት

ብዙ ጊዜ ምስጋናን እንደ ትእዛዝ ብቻ እንሰብካለን። ነገር ግን ምስጋና የተቀበሉትን በማየት የሚወለድ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ኤመንስና መከላው የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን ያሳተሙት ጥናት፣ የሚያመሰግኑበትን ነገር በየሳምንቱ የጻፉ ሰዎች የሚያማርሩበትን ከጻፉት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት እንደነበራቸው አሳይቷል። መጻፍ ለማየት ያስገድዳልና። የእጅ ሥራም እንዲሁ ነው።

አንድ የጋሞ ሸማ ምን ያህል እጅ እንደሚያልፍ እናስብ። ጥጡ ከቆላ ይመጣል። ሴቶች ይዳምጡታል፣ በደጋን ይነድፉታል፣ ይፈትሉታል። ወንዶች በዶርዜና በጨንቻ ደጋ ድሩን ዘርግተው፣ ማጉን በቀሰም አጠንጥነው ይሸምኑታል። ቆላ ያለ ደጋ፣ ፈታይ ያለ ሸማኔ ሸማ አይሆንም። እንግዲህ ሸማኔው «ይህ የእኔ ሥራ ነው» ሲል እውነቱን ነው፤ «ተቀበልሁት» ሲልም እውነቱን ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 ባስልኤል የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት ሰው ተብሎ የተጠራው በእጁ ጥበብ ምክንያት ነበር። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1999 እ.ኤ.አ. በትንሣኤ ዕለት ለጥበብ ሰዎች በጻፉት መልእክት የሰውን የፈጠራ ሥራ ከፈጣሪ ሥራ ጋር አያይዘው አስተምረዋል።

5. ጥበብ ሸክም ሲሆን

አንድ እውነት ሳንናገር ብናልፍ ትምህርታችን ጎደሎ ይሆናል። ከጋሞ ደጋ ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ አዲስ አበባ የተወሰዱና በሽመና ሥራ ለረጅም ሰዓት የተጠመዱ ሕፃናት ነበሩ፤ ይህ በደልም በምድራችን ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት አይቻልም። ለእንዲህ ያለ ሕፃን ያው መወርወሪያ የዕረፍት ሳይሆን የእስራት መሣሪያ ነው። እንዲሁም ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች በሙያቸው ምክንያት ከማኅበር ተገልለው ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1908 እ.ኤ.አ. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው በሽታው ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። በሸክላዋ ድስት እየበላን ሸክላ ሠሪዋን ከንቀን የምናቀርበው ምስጋና ባዶ ነው። የእጅ ሥራ ልብን የሚያሳርፈው ሠሪው ነጻና የተከበረ ሲሆን ነው።

6. ለተግባርና ለውይይት

በመጪዎቹ ሦስት ወራት እያንዳንዳችን አንድ ነገር በእጃችን እንሥራ፦ መፍተል ይሁን፣ ስፌት ይሁን፣ ሥዕል ወይም መዝሙር ይሁን። ማማሩ ግዴታ አይደለም። ሲፈጸም ግን ለአንድ ሰው እንስጠው። በየቁምስናው በሚደረጉ ስብሰባዎችም በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ እንወያይ።

ሀ. ያዘነ ሰው ስናጽናና ቃላችንን እናስቀድማለን ወይስ አብረን የምንሠራውን ሥራ?

ለ. ዛሬ የለበስነው ልብስ በስንት ሰው እጅ አልፎ ደረሰን? ከእነርሱ ማንን አመስግነናል?

ሐ. በሰፈራችን በሙያው የሚናቅ ወይም በልጅነቱ የሚደክም ማን አለ? ምን እናድርግለት?

በእናትየው ቤት ዛሬም እንዝርቱ በግድግዳው ላይ ተሰክቶ ይታያል። ባለፈው ስጠይቃቸው ሌላ ለቅሶ ወደ ደረሰበት ቤት ጥጥ ይዘው ለመሄድ እየተዘጋጁ ነበር።