ረቡዕ ወይስ ሐሙስ? የናይቫሻ ጉዞ ዕቅድ



ከግልገል በለስ የመጣን የጀመዓችን ልጆች የመኪና እሽቅድምድም አይተን፣ በዚያው አገር ጎብኝተን እንመለስ የሚል ሐሳብ ይዘን ሰንብተናል። ለእኛ የሚቀርበው የኬንያው ሳፋሪ ራሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረ ሲሆን በዓለም ራሊ ሻምፒዮና ውስጥ እስከ 2002 ቆይቶ ወጣ፤ በ2021 ደግሞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ አምስቱንም ጊዜ ያሸነፈው በቶዮታ የነዳ ሰው ነው። ይህን የሰማ የመካኒካል ተማሪ ሁሉ ልቡ ናይቫሻ ገብቷል።

ራሊ እንደ ኳስ ሜዳ አንድ ቦታ ተቀምጠው የሚያዩት ውድድር አይደለም። መኪኖቹ በየተራ እየተነሡ በተለያዩ የአቧራ መንገዶች ላይ ሰዓት ይያዝላቸዋል። በ2024 እና በ2025 ሐሙስ ናይሮቢ ካሳራኒ ላይ ተከፍቶ፣ ዓርብ በናይቫሻ ሐይቅ ዙሪያ፣ ቅዳሜ ወደ ኤልመንታይታ፣ እሁድ እንደገና ናይቫሻ አካባቢ ነበር። ሁሉን ላሳድድ ያለ ቀኑን በመኪና ውስጥ ይጨርሳል። የእኛ ምክር በቀን አንድ ቦታ መርጦ በጠዋት መድረስ ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ውድድሩ እስከ 2023 በሰኔ ይካሄድ ነበር፤ በ2024 ወደ መጋቢት ተዛወረ። የ2024ቱ መጋቢት 19 ቀን 2016፣ የ2025ቱ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ተጀመሩ፤ ሁለቱም ረመዷን ውስጥ ነበሩ። የሂጅራ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዷን በየዓመቱ ወደፊት እየቀደመ ከመጋቢት ይወጣል። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ሁለቱን ካላንደር ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ረመዷን ውስጥ ከዋለስ? በሱረቱል በቀራ 184ኛ አንቀጽ መንገደኛ በሌላ ቀን ቀዷ አውጥቶ እንዲያፈጥር ተፈቅዶለታል፤ ካልከበደው መጾሙ እንደሚበልጥ የሻፊዒይ ፉቀሃዎች ይናገራሉ። ጥያቄው «መንገደኛ ነን ወይ?» የሚለው ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀን ሳይቆጠር አራት ሙሉ ቀን በአንድ ቦታ ለመቀመጥ የነየተ ሰው እዚያ ሲደርስ የመንገደኛነቱ ሩኽሳ ያበቃል፤ ሶላቱን ሙሉ ይሰግዳል፣ ይጾማልም። በሐነፊ መዝሀብ ገደቡ 15 ቀን ነው።

አሁን እንቁጠር። ረቡዕ ናይቫሻ ገብተን ሰኞ ብንወጣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ አራት ሙሉ ቀን ሞላ፤ ቀስርም ማፍጠርም የለም። ረቡዕ ናይሮቢ አድረን፣ ሐሙስ መክፈቻውን እዚያው አይተን ማታ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ናይቫሻ ብንገባ ግን ሙሉ ቀኖቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ መንገደኞች ነን። አንዲት ሌሊት የት እንደምናድር መወሰኑ የአምልኳችንን ሁኔታ ይቀይራል ማለት ነው። ለእኛ ሁለተኛው ተመራጭ ነው፤ መክፈቻውም አያመልጠንም። ጁምዓ በመንገደኛ ላይ ግዴታ ባይሆንም ናይቫሻ መስጂድ ሄዶ መስገዱ መልካም ነው። የእህቶች ጉዞ የመሕረም ጉዳይ ስላለበት ከኡስታዞች ጋር ቀድሞ መነጋገር ይገባል። ወላሁ አዕለም።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከግልገል በለስ በቻግኒና በእንጅባራ አዲስ አበባ መግባት የመጀመሪያው ክፍል ነው። የአካባቢያችንን ሁኔታ ሁላችንም እናውቃለንና መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳያረጋግጡ አለመነሣት ነው። ከአዲስ አበባ በሞያሌ እስከ ናይሮቢ ከ1500 ኪሎ ሜትር በላይ አስፋልት አለ፤ በአውሮፕላን ደግሞ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። አውቶቡስ ርካሽ ነው፤ ግን መሄጃና መመለሻው ብቻውን የትምህርት ሳምንት ይበላል። ገንዘብ የሌለው ተማሪ ጊዜውን ይከፍላል፤ ከፈተና ጋር ከተጋጨ ግን ለሌላ ዓመት ይቆየው እንላለን። ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ቀድሞ ይዘጋጅ።

ለኢንጂነሪንግ ተማሪ ከመኪኖቹ የማያንስ ነገር እዚያው አለ። ሄልስ ጌት ፓርክ በእግርም በብስክሌትም የሚጎበኝ ሲሆን አጠገቡ ኦልካሪያ የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ማመንጫ አለ፤ የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1981 ሥራ ጀመረ። ያው የእኛው ስምጥ ሸለቆ ነው፤ በሞያሌ መንገድ የሚሄድ ዝዋይን ሲያልፍ አሉቶ ላንጋኖን ያስታውስ። የበለስንና የዓባይን ውኃ ኃይል እየሰማን ላደግን ልጆች ምድር ስትተነፍስ መብራት ሲሆን ማየት ሌላ ትምህርት ነው። የፓርኩ ሸለቆ ግን ድንገተኛ ጎርፍ ሰው የገደለበት ነው፤ ዝናብ ካለ ወደ ውስጥ አይወረድም።

የሰዓቱን ነገርም አንርሳ። ኬንያና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ቀጠና ቢሆኑም አቆጣጠሩ በስድስት ይለያያል። ፕሮግራሙ 8፡00 ካለ ለእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ብሎ የሚጠብቅ አቧራውን ብቻ ያገኛል። የኢፍጣሩን ሰዓት የናይቫሻውን ያዙ፤ እዚያ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማይርቅ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትገባው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው።