«መንግሥት ይርዳው» ማለት ይበቃልን?



ድኻን መርዳት የማን ግዴታ ነው? የእያንዳንዱ ክርስቲያን ወይስ የመንግሥት? ጥያቄው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ362 የሮም ንጉሥ ከሃዲው ዩልያኖስ በገላትያ ለሚገኝ የጣዖት ካህናት አለቃ በጻፈው ደብዳቤ፥ ክርስቲያኖች የራሳቸውን ድኾች ብቻ ሳይሆን የአረማውያኑንም እንደሚመግቡ በቁጭት ገልጾ፥ ለእንግዶችና ለችግረኞች የሚታደል ስንዴና ወይን ከመንግሥት እንዲሰጥ አዘዘ። (ንጉሡ ሳያስበው ለቤተ ክርስቲያን የመሰከረላት ይመስለኛል።) አሳቡ ፉክክር ነበረ፤ ይሁን እንጂ የተራበ ሰው በዚያ እህል ቢጠግብ ማን ይከፋል?

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀጰዶቅያን ረኃብ መታት። ቅዱስ ባስልዮስ ጎተራቸውን የዘጉ ባለጸጎችን ገሥጾ አስከፈተ፤ ጳጳስ ከሆነ በኋላም በቂሣርያ ከተማ አጠገብ ለሕሙማን፥ ለለምጻሞችና ለመጻተኞች ሰፊ ማረፊያ አሠራ። ልብ ልንለው የሚገባን ግን፥ ይኸው ጳጳስ ለግብር ሹማምንት ደብዳቤ እየጻፈ የድኾች ቤት ከግብር ነጻ እንዲሆን መለመኑን ነው። ምጽዋቱ መንግሥትን ከመጠየቅ አላገደውም፤ ሹሙን መጠየቁም ለምጻሙን በገዛ እጁ ከማገልገል አላሳረፈውም።

የቤተ ክርስቲያን ማኅበራዊ ትምህርትም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1991 «ቸንቴሲሙስ አኑስ» በተባለው መልእክታቸው (ቁ. 48)፥ መንግሥት የኅብረተሰቡን ኃላፊነት ጠቅልሎ ሲወስድ የሰው ኃይል እንደሚባክንና መሥሪያ ቤቶች ያለ ልክ እንደሚበዙ አስጠነቀቁ፤ የችግረኛውን ጉድለት አብልጦ የሚያውቀው የቅርብ ሰው ነውና። ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 «ዴዎስ ካሪታስ ኤስት» (ቁ. 28) ላይ፥ ፍትሕን ማቆም የመንግሥት ተግባር መሆኑን ካስረዱ በኋላ፥ መንግሥት የቱንም ያህል ፍትሐዊ ቢሆን ፍቅር አያስፈልግም ሊያሰኝ እንደማይችል አስተማሩ።

በዚያው ዓመት በአገራችን ገጠር የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ተጀመረ፤ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና ሕሙማን ያለ ሥራ ድጋፍ የሚሰጥበት ክፍልም ነበረው። ይህ በጎ ነው፤ የሚቆጠረውም ከባለ ሥልጣን ቸርነት ሳይሆን ከፍትሕ ነው። ነገር ግን አንዲት ባልቴት ስማቸው በቀበሌ መዝገብ ስለ ገባ ከቁምስናው የጎብኚዎች ዝርዝር ቢሰረዙ፥ ውኃ ማን ይቀዳላቸዋል? ሲታመሙስ ማን ከአጠገባቸው ይቀመጣል? መምህራን ሆይ፥ ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቻችሁ አቅርቡ፤ መልስ ከመስጠታቸው በፊትም በሰፈራቸው እንዲህ ያለ ሰው ይኖር እንደ ሆነ ጠይቀው እንዲመጡ አድርጉ።