አዲስ ለተዘራ ማገጥ ምን ዓይነት ማዳበሪያ?

በሸካ ዞን አንድራቻ ወረዳ፣ በጌጫ ዙሪያ ባለው የግጦሽ መስክ ማገጥ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። ለወተት ላም መኖ ተብሎ በታጠረ ቁራጭ መሬት ሲዘራ ግን ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ዩሪያ ስንት ልጨምርለት?» የሚል ነው። መልሱ «ምንም» ነው።

ዩሪያው ለምን ይቅር?

ማገጥ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው። በሥሩ ላይ በሚያበቅላቸው ትናንሽ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ይመግቡታል። ዩሪያ በብዛት ሲያገኝ ተክሉ እባጭ ማብቀሉን ይቀንሳል። በዚህ መሃል ዩሪያውን የሚሻማው ሰርዶ ነው፤ ቶሎ ይረዝምና ቡቃያውን ፀሐይ ይከለክለዋል። ገንዘብ አውጥቶ አረም መመገብ ማለት ይህ ነው።

የጎደለው ፎስፈረስ ነው

ኢትዮጵያ ከሃያ የሚበልጡ የማገጥ ዝርያዎች አሏት፤ ከእነዚህም ውስጥ በሌላ አገር የማይገኙ አሉ። መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል (ኢልካ) እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እነዚህን አገር በቀል ዝርያዎች በደጋው አፈር ላይ ሲሞክር፣ ፎስፈረስ ማግኘታቸው በምርታቸው ላይ ትልቅ ለውጥ እንደሚያመጣ ታይቷል።

የሸካ አፈር ደግሞ የባሰ ችግር አለበት። ጥቅጥቅ ያለውን ደን ያየ ሰው መሬቱ ማዳበሪያ የሚያሻው አይመስለውም። ደኑ ግን የሚኖረው ራሱ ያረገፈውን ቅጠል መልሶ እየበላ ነው። ዛፉ ሲነሳ የሚቀረው ቀይ አፈር ለዘመናት በዝናብ የታጠበ፣ ካልሲየሙ ያለቀ አሲዳማ አፈር ነው። በእንዲህ ዓይነቱ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን አጥብቀው ስለሚይዙት፣ አፈሩ ውስጥ ቢኖርም ሥሩ ሊያገኘው አይችልም።

ከሁሉ በፊት ኖራ

የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ከሆነ አሲዱን የሚያበርደው ኖራ ይቀድማል፤ ከመዝራት አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ቀደም ብሎ ተበትኖ ከላይኛው አፈር ጋር በደንብ መቀላቀል አለበት። መጠኑን የሚወስነው የአፈር ምርመራ እንጂ የጎረቤት ልምድ አይደለም፤ አጥር ብቻ የሚለያቸው ሁለት ማሳዎች የተለያየ መጠን ሊፈልጉ ይችላሉ።

የምድጃ አመድም አሲዱን ያበርዳል፤ ፖታሲየምም ይጨምራል። ችግሩ የአንድ ቤት አመድ ለሰፊ ማሳ አለመብቃቱ ነው፤ ደግሞም ጓሮ ያለው እንሰት ይፈልገዋል። ከእንሰቱ ቀምቶ ለማገጥ መስጠትን እኔ አልመክርም። አመድን ከእርጥብ ፍግ ጋር ደባልቆ ማስቀመጥም አይገባም፤ የፍጉ ናይትሮጅን በአሞኒያ መልክ ተንኖ ይጠፋል።

ስንት ይጨመር? የትስ ይቀመጥ?

ፎስፈረሱን የምናገኘው ኤንፒኤስ ከተባለው ማዳበሪያ ነው፤ ብዙ ሰው ግን «ዳፕ» ይለዋል። በሄክታር 100 ኪሎ ኤንፒኤስ እንጨምር ብንል፣ ለአንድ ጥማድ 25 ኪሎ፣ 10 ሜትር በ10 ሜትር ለሆነ መደብ ደግሞ 1 ኪሎ ይደርሳል። በ100ው ኪሎ ውስጥ 38 ኪሎ ፎስፌት፣ 19 ኪሎ ናይትሮጅንና 7 ኪሎ ሰልፈር አለ። «ናይትሮጅን ይቅር አላልክም?» የሚል ይኖራል። ይህ መጠን ቡቃያው እባጭ እስኪያወጣ ድረስ የሚያቆየው ስንቅ ነው፤ በላዩ ላይ ዩሪያ አይደገምም።

አቀማመጡ ከመጠኑ ባልተናነሰ ወሳኝ ነው። ኖራ በማሳው ሁሉ ይዳረሳል፤ ፎስፈረስ ግን በተቃራኒው በመስመር ይሰበሰባል፤ የሚነካው አፈር ባነሰ ቁጥር በአሉሚኒየም የሚያዘው ያንሳል። አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ቦይ ይወጣና ማዳበሪያው ተጨምሮ አፈር ይለብሳል። ዘሩ ከዚያ በላይ ይዘራል። የማዳበሪያው ጨው ገና የወጣውን ሥር ስለሚያቃጥል ሁለቱ መነካካት የለባቸውም።

የማገጥ ዘር በጣም ደቃቅ ነው፤ ነጭ ክሎቨር የሚባለው የማገጥ ዘመድ አንድ ኪሎ ዘሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፍሬ ይይዛል። በደረቅ አሸዋ አደባልቆ መዝራት እጅን ይቆጣጠራል። የሚለብሰው አፈር ከአንድ ሳንቲ ሜትር ከበለጠ አብዛኛው ሳይወጣ ይቀራል።

ሥሩን ማየት

ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ጥቂት ተክሎችን ከነአፈራቸው በአካፋ ማውጣት ነው። ከተነቀሉ እባጮቹ መሬት ውስጥ ይቀራሉ። ሥሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ማጠብ፣ ከዚያ አንዱን እባጭ በጥፍር መሰንጠቅ። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ባክቴሪያው እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ጭራሹን እባጭ ከሌለም፣ ቅጠሉ ገርጥቶ እንደሆነ ምክንያቱ ተገኘ።

ያኔ ለባቄላ ወይም ለአኩሪ አተር የተዘጋጀ የባክቴሪያ ፓኬት መግዛት አይረዳም፤ ማገጥ የራሱን ባክቴሪያ ይፈልጋል። አገር በቀል ማገጥ ከተዘራ፣ ያው ዝርያ ካማረበት የግጦሽ መስክ ጥቂት የላይኛ አፈር አምጥቶ በመስመሩ ላይ መነስነስ ይሻላል። ለሚቀጥለው መደብ ደግሞ ይህን ከመዝራት በፊት ማድረግ ነው።

ቴፒ ላሉት

በዚያው በሸካ ያለው ቴፒ ግን ወደ 1,200 ሜትር ዝቅ ያለና ሞቃት ነው። የደጋ ማገጥን እዚያ ወስዶ በኖራና በኤንፒኤስ ማስታመም ድካም ብቻ ነው፤ በቡና መስመሮች መካከል ደስሞዲየም የተባለውን የመኖ ተክል ይዝሩ።